የእሳት እራት የማትሆነው የእሳት እራት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣ ወደ መብራት ተስቦ በነበልባል የሚጠፋውን የሌሊት በራሪ አይተው አበው «የእሳት እራት» ያሉት ስም፣ ከህንድና ከስሪ ላንካ አንሥቶ በደቡብ ምሥራቅ እስያ በኩል እስከ ጃፓንና እስከ አውስትራሊያ ለምትገኘው፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊኔዎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. ለመዘገባት፣ ሊቃውንትም ዛሬ ሴፎኖደስ ሃይላስ ለሚሏት ፍጥረት አይስማማትም፤ እርሷ በጠራራ ፀሐይ ከአበባ ወደ አበባ ስትመላለስ የምትውል ናትና።

ዕፁብ የሆነው ክንፏ ነው። ከተጠቀለለችበት ሽፋን ወጥታ ክንፏን በዘረጋች ጊዜ ግራጫ ብናኝ ለብሶ ይታያል፤ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበር ግን ያ ልባስ እንደ ትቢያ ይረግፍና፣ ጥቁር ጅማት ብቻ የተዘረጋበት፣ እንደ መስተዋት ብርሃንን የሚያሳልፍ ክንፍ ይቀራል። አረንጓዴ ገላዋን በአየር ላይ አቁማ፣ በአበባው ላይ ሳታርፍ፣ ረጅም ምላሷን ሰድዳ ወለላውን ስትቀስም ያየ ሰው ትልቅ ንብ ናት ቢል አይፈረድበትም።

ትሏ ጋርዴንያ የሚባለውን ተክል ቅጠል ትመገባለች፤ የጋርዴንያ የሥጋ ዘመድ የሆነውንም ቡና አትምርም። ከኢትዮጵያ ደን ተነሥቶ፣ የመንን አልፎ እስያ የገባው ቡናችን፣ በእንግድነቱ አገር ለእርሷም ማዕድ ሆነ። የቡና ገበሬ ትሏን ቢነቅፍ እውነት አለው፤ እኔ ግን ልብሷን ጥላ የምታጌጠውን ይህችን ፍጥረት ሳስብ፣ ጥበበ ፈጣሪን ከማድነቅ በቀር የምጨምረው ቃል የለኝም።