የተሰነጠቀ የእንጨት ገበታ አጠጋገን

በቶርኖ የተሠራ የእንጨት ገበታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ሲደርቅ ነው። እርጥብ እንጨት ውስጡ ያለው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ መጠኑን አይለውጥም፤ ከዚያ በታች ግን መኮማተር ይጀምራል። የሚኮማተረውም እኩል አይደለም። በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ ያለው ኩምትርታ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ካለው እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በቁመቱ በኩል ያለው ከቁጥር አይገባም። ስንጥቁ ከግንዱ እምብርት ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሮጠው ለዚህ ነው። እምብርቱን እንደያዘ የተሠራ ገበታ ሳይሰነጠቅ ቢደርቅ ነው የሚገርመው።

እንግዲህ ጥገናው የሚጀምረው በሚዛን ነው። ገበታው በየሳምንቱ ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነሱን ካላቆመ እንጨቱ ገና እየሠራ ነው፤ ዛሬ የተደፈነው ነገ ከጎኑ ይከፈታል። ጠርዙን በጣት መታ መታ ማድረግም ይጠቅማል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ለዓይን የተሰወረ ስንጥቅ ያለበት የታፈነ ድምፅ ያወጣል። እንዲህ ያለው ቶርኖ ላይ ተመልሶ አይጫንም፤ ሲሽከረከር ተከፍሎ ሊወረወር ይችላል፤ ሱፐር ግሉም ለዚህ ዋስትና አይሆንም።

ለፀጉር መሳይ ስንጥቅ ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ይበቃል፤ ስንጥቁ ራሱ ፈሳሹን ስቦ ያስገባዋል። ነጣ ያለ እንጨት ላይ ግን ዙሪያውን ያጠቁራል። ሰፋ ያለውን ብዙዎች በዚያው እንጨት ሰጋቱራና በሙጫ ይደፍኑታል፤ ሰጋቱራው ሙጫ ሲጠጣ ከእንጨቱ ይልቅ ስለሚጠቁር፣ ሊደበቅ የታሰበው ይበልጥ ይታያል። በደንብ የደረቀ የቡና አተላ በኢፖክሲ ለውሶ መሙላት ይሻላል፤ ጥቁር መስመሩ የእንጨቱ የራሱ ጌጥ ይመስላል።

ስንጥቁ ወፍራም ቦታ፣ በተለይ መቀመጫው ላይ ከሆነ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው የእንጨት ማያያዣ ይገባበታል። ማያያዣው ስንጥቁ ላይ ተደርጎ ዙሪያው በስለታም ቢላ ይሰመራል፤ ውስጡ እስከ ግድግዳው ውፍረት ግማሽ ድረስ በመሮ ይጎደጎዳል። የማያያዣው እንጨት ክር ስንጥቁን አቋርጦ መሄድ አለበት፤ ከስንጥቁ ጋር ከተጋደመ ቀጭን ወገቡ ላይ ይሰበራል።

ለዓመታት ወጥና ቅቤ የጠጣ ገበታ ሌላ ጣጣ አለው፤ ሙጫ አይይዝለትም። በአሴቶን ደጋግሞ መጥረግ ጥቂት ይረዳል፤ የሚሻለው ግን እንደ ቅል መስፋት ነው። በመጀመሪያ በስንጥቁ ጫፍ ላይ አንዲት ቀዳዳ ትበሳለች፤ ወደፊት እንዳይሮጥ ታቆመዋለች። ከዚያ በግራና በቀኝ፣ ከስንጥቁ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይበሳሉ፤ በመዳብ ሽቦ ወይም በቀጭን ጠፍር ይሰፋሉ። ስፌቱ ጭምቅ ተደርጎ መጥበቅ የለበትም። እንጨቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሽቦው ካልላላለት ቀዳዳዎቹን እየቀደደ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። እንዲህ የተሰፋ ገበታ ለወጥ ባይሆንም ለእህልና ለቆሎ ያገለግላል።

ዘይት የሚቀባው ሙጫው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። የኑግ ዘይት ስስ ተደርጎ ቢቀባ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ የወይራ ዘይት ግን አይደርቅም። የተጠገነ ገበታ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ ታጥቦ ወዲያው ይወለወላል፣ የሚደርቀውም ጥላ ውስጥ ነው።