ከነከሱ በኋላ መጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ከወጡት የቫምፓየር ልቦለዶች አንዱን፣ «ትዋይላይት»ን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያ ጥሩዎቹ ቫምፓየሮች የእንስሳ ደም ጠጥተው ይኖራሉ፤ ራሳቸውንም በቀልድ «ቬጀቴሪያን» ይላሉ። ጥያቄው በዚሁ ተዘጋ። አጋዘንን ማን ፈቃድ ይጠይቃል?

በዚያው ዓመት የወጣው የኦክታቪያ በትለር «ፍሌጅሊንግ» ግን እንዲህ በቀላሉ አያመልጥም። የሷ ቫምፓየሮች፣ ኢናዎቹ፣ የሚጠጡት የሰው ደም ነው፤ ግን ለመኖር መግደል አያስፈልጋቸውም። እንዲያውም የተነከሰው ሰው ደስ ይለዋል፣ ጤናው ይሻሻላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በአማርኛ «ደም መጣጭ» ስንል በዝባዥ ማለታችን ነው። እዚህ ግን የተመጠጠውም ያተርፋል። ታዲያ በደሉ ምኑ ላይ ነው?

ምራቃቸው ላይ። ሱስ ያስይዛል። ደጋግሞ የተነከሰ ሰው ከኢናው መለየት አይችልም፤ ኢናው ከሞተ እሱም ሊሞት ይችላል። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ሾሪ ያለፈውን ሁሉ ረስታ መንገድ ላይ ስትሄድ ራይት የሚባል ወጣት መኪናው ውስጥ ያስገባታል፣ እሷም ትነክሰዋለች። የሱሱን ነገር ከአባቷ የምትሰማው በኋላ ነው። ስትሰማም ለራይት ምርጫ ትሰጠዋለች። ደግነቷ የምር ነው። እኔ ግን ሶፍትዌር ስለምሠራ ይህቺን ቅደም ተከተል አውቃታለሁ፦ መጀመሪያ አስለምድ፣ ከዚያ «እስማማለሁ» የሚለውን በተን አሳይ። ራይት እሺ ሲል የሚናገረው እሱ ነው ወይስ ምራቁ?

ቅሬታዬ ታሪኩን የምትተርከው ራሷ ሾሪ መሆኗ ላይ ነው። ብቸኛዋን ቲዎዶራን ማታ ማታ ቤቷ ገብታ ትመገብባታለች፤ ሴትየዋ ደስተኛ እንደሆነች የምንሰማው ከተመጋቢዋ አፍ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም ችሎትም የሾሪን ቤተሰብ ማን እንዳስገደለ ያጣራል (ዘረኝነትን የገለጠበት መንገድ አሪፍ ነው)፣ ግን ሰዎቹ መጀመሪያ ሲነከሱ ማን ጠየቃቸው ብሎ የሚነሳ ዳኛ የለም።

ከሁሉም የከበደኝ የሲሊያና የብሩክ ነገር ነው (ብሩክ እዚህ የሴት ስም ነው)። ኢናዎቻቸው ተገድለዋል፤ አዲስ ኢና ካላገኙ ይሞታሉ። ያለችው ሾሪ ብቻ ናት። ገላቸው አይቀበላትም፣ ልባቸውም ገና ሐዘን ላይ ነው። ሾሪ ግን መንከስ አለባት፤ ካልነከሰቻቸው ገደለቻቸው ማለት ነው።