በፋኖስ ሣጥን ውስጥ ስላለችው ወረቀት
(ስለ ተስማሚነት መግለጫ የቀረበ ሂስ)

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራኖቻችን አንድ ጽሑፍ በሰጡን ቁጥር ሦስት ነገር እንድንጠይቅ ያስገድዱን ነበር፤ ይኸውም ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ሳይጽፍ የተወውስ ምንድን ነው የሚል ነው። ይህ ልማድ ለግጥምና ለታሪክ እንጂ ለንግድ ወረቀት ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አታት በሄድሁ ጊዜ፣ ከወልቂጤ ገበያ የተገዛች አንዲት የፀሐይ ፋኖስ በቤታችን አገኘሁ። ከሣጥኗ ውስጥ እንደ መድኃኒት ማዘዣ የተጣጠፈች ወረቀት ወጣች። ወረቀቲቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ስትሆን፣ ዕቃው የአውሮፓ ኅብረት ስለ አደገኛ ንጥረ ነገሮች ያወጣውን መመሪያ የሚያሟላ መሆኑን ታረጋግጣለች። ከግርጌዋ ፊርማ አለ፤ የፈራሚው ስም ግን አይነበብም። ጓደኞቼ በዚህች ወረቀት ላይ ሂስ እጽፋለሁ ባልኋቸው ጊዜ ሳቁብኝ። ይሁን እንጂ ወደ ቤታችን ከገቡት ዕቃዎች ጋር ከመጡት ወረቀቶች ሁሉ ስለ ጤናችን ቃል የገባች እርሷ ብቻ ነበረች።

አስቀድሞ የወረቀቲቱን ትውልድ ማወቅ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው መመሪያ ቁጥር 2002/95 ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስ፣ ባዜቃ፣ ካድሚየም፣ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም፣ እንዲሁም ፕላስቲክ ቶሎ እንዳይቀጣጠል የሚቀየጡ ሁለት ዓይነት የብሮሚን ውሁዶች ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይገኙ ከለከለ። መጠኑ ለካድሚየም 0.01 በመቶ፣ ለቀሩት 0.1 በመቶ ነው። በ2011 መመሪያ ቁጥር 2011/65 ተተካ፤ በ2019ም ፕላስቲክ ለማለስለስ የሚያገለግሉ አራት ውሁዶች ተጨመሩና የተከለከሉት አሥር ሆኑ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቁም ነገሩ «0.1 በመቶ ከምኑ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ሕጉ የሚመዝነው ዕቃውን በሙሉ አይደለም፤ በመሣሪያ ከሌላው ሊለይ የማይችለውን እያንዳንዱን ወጥ ነገር ለየብቻው ነው እንጂ። የሽቦው ልባስ ለብቻው፣ በብሎኑ ላይ የተቀባው ስስ ማዕድን ለብቻው፣ በካውያ የቀለጠችው ነጥብም ለብቻዋ ትመዘናለች። አንዲት ፋኖስ 300 ግራም ብትመዝንና በውስጧ ግማሽ ግራም የቀድሞው ዓይነት ብየዳ ቢኖር፣ እርሳሱ ከፋኖሷ ክብደት ጋር ሲነጻጸር 0.1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ያ የቀድሞ ብየዳ ከመቶው 63 ቆርቆሮ፣ 37 እርሳስ ስለ ሆነ በነጥቢቱ ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈቀደው 370 ጊዜ ይበልጣል። ይህን ሕግ ያረቀቁትን ሰዎች በዚህ አደንቃቸዋለሁ፤ መርዝ በትልቅ ዕቃ ውስጥ ተሸሽጎ እንዳያልፍ አድርገዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ወረቀቲቱን ማን ጻፋት? ብዙ ሰው የመንግሥት መርማሪ የሰጣት የምስክር ወረቀት ትመስለዋለች። አይደለችም፤ የጻፋት አምራቹ ራሱ ነው። ሕጉ አምራቹ የራሱን ዕቃ መርምሮ ራሱ እንዲፈርም ያዛል፤ የመረመረበትንም ሰነድ ለ10 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። አምራች የምንለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገጣጣሚ ነው፤ ክፍሎቹን ከብዙ ሻጮች ይገዛል፤ እያንዳንዱም ሻጭ የየራሱን ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሻጩም ከሌላ ሻጭ ተቀብሏል። ስለዚህ በፋኖሷ ሣጥን ውስጥ ያለችው ወረቀት የወረቀቶች የልጅ ልጅ ናት። በላቦራቶሪ ይመርመር ቢባል እንኳ፣ በኤክስሬይ የሚሠራው ፈጣን መሣሪያ ክሮሚየም መኖሩን ያሳያል እንጂ የተከለከለው ዓይነት ይሁን የተፈቀደው አይለይም፤ ብሮሚንንም ያያል እንጂ በየትኛው ውሁድ ውስጥ እንዳለ አያውቅም። ያን ለመለየት የኬሚስትሪ ባለሙያ፣ ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋል።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚደርስ ሶኒ የተባለው ታላቅ ኩባንያ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የሆላንድ ባለሥልጣኖች 1.3 ሚሊዮን ያህል የፕሌይስቴሽን መጫወቻዎች አገዱበት፤ ምክንያቱ በገመዶቹ ውስጥ ካድሚየም ከተፈቀደው በላይ መገኘቱ ነበር። ያን ጊዜ የኅብረቱ መመሪያ ገና አልወጣም፤ ሆላንድ ግን የራሷ የካድሚየም ሕግ ነበራት። የገና ገበያ ደርሶ ሳለ ያን ሁሉ ዕቃ ያስቆመው ዋናው መሣሪያ አይደለም፤ ገመድ ነው።

ከዚህ ወዲያ አምራቾችን ሕግ እንዲያሟሉ መርዳት ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። በዚህ ሙያ ላይ ያለኝ ነቀፌታ አንድ ነው። አብዛኛው እርዳታ ወረቀት በመሰብሰብ ጀምሮ ወረቀት በመደርደር ያልቃል። የሚጠቅመው እርዳታ ግን ከንድፉ ጠረጴዛ የሚጀምረው ነው። የቀድሞው ብየዳ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እርሳስ የሌለውና በቆርቆሮ፣ በብርና በመዳብ የሚሠራው ግን 217 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ብየዳውን የሚለውጥ ፋብሪካ ምድጃውን፣ ያንን ሙቀት የሚችለውን ፕላስቲክና የሠራተኛውን ልምድ ጭምር መለወጥ አለበት። ይህን ለፋብሪካው የሚያስተምር ሰው እውነተኛ ረዳት ነው። ቅጽ የሚያስሞላው ግን ከጸሐፊ አይሻልም።

ወረቀቲቱ ሳትጽፍ ወደ ተወችው ስመጣ የእኔ ክርክር ይጠነክራል። የፋኖሳችንን ሆድ በፈታሁት ጊዜ በውስጧ ያገኘሁት ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነበር። ታዲያ ወረቀቲቱ ዋሽታለች? አልዋሸችም! ይህ መመሪያ ባትሪን አይነካም፤ ባትሪ በአውሮፓ የራሱ ሕግ አለው፤ መጀመሪያ መመሪያ ቁጥር 2006/66፣ ኋላም የ2023ቱ ደንብ ቁጥር 2023/1542። እንግዲህ የፋኖሷ ብየዳ ከእርሳስ የነጻ ነው ብላ የምትምል እውነተኛ ወረቀት፣ በእጅ ከሚመዘን እርሳስ ጋር በአንድ ሣጥን ተቀምጣ ወልቂጤ ደረሰች። በአውሮፓ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ አንዱ ሕግ የተወውን ሌላው ይይዘዋል፤ አሮጌ ባትሪም የሚመለስበት ቦታ አለ። ወደ እኛ የመጣችው ግን አንዲቱ ወረቀት ብቻ ናት፤ ጓደኛዋ ቀርታለች። ወረቀቲቱ የተጻፈችው ለሌላ አገር ተቆጣጣሪ ነው፤ እኛ የሰው ደብዳቤ ከፍተን እንደምናነብ ነን።

አገራችን ሕግ የላትም ማለቴ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት ስለ አደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 ታውጇል። ነገር ግን ስማቸው እንደሚናገረው ዕቃውን የሚቀበሉት ከሞተ በኋላ ነው። ዕቃው ሳይወለድ ስለ ሥጋው መናገር እንደምንችል ግን አስቀድመን አሳይተናል፤ የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ከረጢትን በሚሊ ሜትር የለካ ሕግ አውጪ ብየዳን በመቶኛ ለመለካት ምን ያግደዋል?

«እኛ ገጣጣሚዎች እንኳ ገና ጥቂቶች ነን፤ ይህ የሀብታሞች ጭንቀት ነው» የሚል ጓደኛ አለኝ። በግማሹ እስማማለሁ፤ ትንሹን ገጣጣሚ በላቦራቶሪ ወጪ ማስጨነቅ ፋብሪካውን መዝጋት ነው። ነገር ግን ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገ አንዱ ገጣጣሚ ወደ አውሮፓ ልላክ ቢል ከቀረጥ ነጻ መግባቱ ብቻ አይበቃውም፤ ያችኑ ወረቀት ፈርሞ ለፊርማው መልስ መስጠት አለበት። መጀመሪያው እርምጃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሼንዜን ክፍል ሲያዝ በውሉ ላይ የእያንዳንዱን ነገር ይዘት እንዲገልጹለት መጠየቅ፣ የመለሱለትንም ማንበብ የሚችል አንድ ሰው መቅጠር ነው። ያ ሰው ከእኛ ከኬሚስትሪ ተማሪዎች መካከል ሊገኝ ይችላል።

ስለ ባትሪው ግን መንገዱ በእጃችን ነው። ዕቃ ከመርካቶ ወደ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤም ወደ ገጠር የሚያወርዱት የእኛው ነጋዴዎች ናቸው፤ ቆራሌውም በዚያው መንገድ አሮጌውን ወደ ምናለሽ ተራ ይመልሳል። የመኪና ባትሪ በሜዳ የማይወድቀው እርሳሱ ዋጋ ስላለው ነው። የፋኖሷ ባትሪ ግን ትንሽ ስለ ሆነ ቆራሌው ለእርሱ ብሎ ጀፎረውን አቋርጦ አይመጣም። አምራቹ ወይም አስመጪው ለባለሱቁ በአሮጌው ባትሪ ፈንታ ጥቂት ሳንቲም ቢያስብለት ይመጣ ነበር።

በቤታችን ይህች ፋኖስ ሦስተኛ መሆኗን የሰማሁት ከእናቴ ነው። የቀደሙት ሁለቱ የት ደረሱ ብዬ ብጠይቃት፣ በእጇ ወደ ጓሮ አመለከተችኝ። የጉራጌ ቤት ጥራጊ፣ አመዱና የከብቱ እበት ሁሉ የሚሄደው ወደ እንሰቱ ሥር ነው፤ እንሰታችን በዚያ ይወፍራል፤ እኛም ቆጯችንን ከዚያ እንበላለን፤ ልጆችም በዚያው አፈር ይጫወታሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ለልጅ የማይጎዳ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ዶማ ይዤ ወረድሁ፤ አንዱን ባትሪ ጎኑ ተሰንጥቆ ከሁለት እንሰት መካከል አገኘሁት። ሁለተኛውን እስከ ዕረፍቱ መጨረሻ ፈልጌ አጣሁት።