የዘይት ሠንጠረዡ በዓባይ በረሃ አቀበት ሲመዘን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሞተር ዘይት የሚገዛ ሰው ጣሳው ላይ «15ደብሊው-40» ወይም «20ደብሊው-50» የሚል ቁጥር ያገኛል። የቁጥሩ ምንጭ የአሜሪካው የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስኤኢ፣ ያዘጋጀው «ጄ300» የተባለ መስፈርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተጀመረው ይህ ሥራ እስካሁን እየተሻሻለ ዘልቋል። ገጾቹ ጥቂት ናቸው፤ ዋናው ነገሩም አንድ ሠንጠረዥ ነው። እዚህ የምንመዝነው ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው መንገድ ነው።

ዘይትን የሚፈትን ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ሸለቆው ከአፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ታችኛው ወለሉ ቆላ ነው። ሰውና ዕቃ የሞላ ሚኒባስ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በከፍተኛ የሞተር ዙር ለረጅም ጊዜ ይጓዛል። ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ራዲያተሩን የሚያበርደው ነፋስ ያንሳል። ወደ ደጋው ሲጠጋ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል አካባቢ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይደክማል፤ ሾፌሩም ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል። በውድድር ሜዳ ላይ ዘይቱን ከ120 ዲግሪ በላይ የሚያግል የስፖርት መኪናም የሚገጥመው ፈተና ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ ሙቀትና ጫና ሳያርፉ ሲደራረቡ በሚሽከረከረው የሞተር ዘንግ (በኮሎው) እና በተሸካሚው (በብሮንዚናው) መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን እንዳይበጠስ ማድረግ።

የሠንጠረዡ ትልቁ ብርታት ሁለቱን ቁጥሮች ለያይቶ መለካቱ ነው። ደብሊው ያለበት ቁጥር የብርድ ነው፤ ሁለተኛው የሙቀት። 40 ለመባል ዘይቱ በ100 ዲግሪ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ መወፈር አለበት፤ ለ50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9። በዚህ ምክንያት የትም የተመረተ ዘይት በአንድ ሚዛን ይዳኛል። ለገዢው ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ድክመቱ የሚጀምረው ለእኛ ከማያስፈልገው ክፍል ነው። የብርዱ መስመሮች ሞተር በምን ያህል ቅዝቃዜ እንደሚነሳ ይወስናሉ፤ 15ደብሊው ከዜሮ በታች በ20፣ 20ደብሊው በ15፣ 0ደብሊው በ35 ዲግሪ ይፈተናል። የጮቄ ተራራ ውርጭ እንኳ ለ20ደብሊው ፈተና አይሆንም። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ለትንሽ የብርድ ቁጥር ብቻ ተጨማሪ ብር መክፈል የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

ለአቀበቱ ወሳኙ መስመር ሌላ ነው። ሰነዱ ዘይቱ በ150 ዲግሪ፣ በጠባብ ክፍተት በኃይል እየተጨፈለቀ ሳለ የሚኖረውን ውፍረትም ይለካል። ለ30 ዝቅተኛው ልክ 2.9 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው። ለ10ደብሊው-40 ደግሞ 3.5፣ ለ15ደብሊው-40 ግን 3.7። ሁለት ጣሳዎች «40» ስላሉ ብቻ የመጨረሻ ወለላቸው እኩል አይደለም ማለት ነው። ብሮንዚናን የሚያድነው ይህ ቁጥር ሆኖ ሳለ ጣሳው ላይ እንዲታተም ሰነዱ አያስገድድም። ከሁሉ የከፋ ጉድለቱ ይህ ይመስለኛል፤ ገዢው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው መረጃ ከዓይኑ ተሰውሯል።

ሁለተኛው ጉድለት ዝምታው ነው። ሠንጠረዡ የሚመዝነው አዲስ ዘይትን ነው። በሰፊው የብርድና የሙቀት ልዩነት እንዲሠራ የተጨመረው ፖሊመር በሥራ ብዛት እየተቆራረጠ ሲሳሳ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ስለ እጥበት ችሎታው፣ ስለ ዝቃጭ፣ ስለ መበላት መከላከያውም ምንም አይልም። «40» የሚለው ቁጥር ውፍረትን እንጂ ጥራትን አይመሰክርም። ቁጥር አይቶ ብቻ የሚገዛ ሰው ለዛሬ ሞተር የማይበቃ፣ ዘመኑ ያለፈበት ደረጃ ያለው ዘይት ሊገዛ ይችላል።

ስለዚህ ሰነዱ መለኪያ እንጂ መካሪ አይደለም፤ መካሪ አድርጎ መያዙ ነው ሞተር የሚያበላሸው። መጀመሪያ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነበብ። ከተፈቀዱት ውስጥ አቀበት ለሚመላለስ ሞተር ወፈር ያለው ሁለተኛ ቁጥር ይመረጥ፤ መመሪያው ከሚፈቅደው በላይ ማወፈር ግን ዘይቱ ጠዋት ቶሎ እንዳይደርስ፣ በራሱ ሰበቃም እንዲግል ያደርጋል። ከዚያ ከጣሳው ጀርባ የጥራት ደረጃው፣ ማለትም የኤፒአይ ወይም የአሴያ ምልክቱ፣ ይፈለግ። ለምሳሌ አሴያ ኤ3/ቢ4 የ150 ዲግሪው ውፍረት ከ3.5 እንዳይወርድ ያስገድዳል፤ ሠንጠረዡ የሸሸገውን ወለል ገዢው በዚህ መንገድ ያገኘዋል። የመቀየሪያው ጊዜም በረሃውን ለሚመላለስ መኪና ከከተማ መኪና ማጠር አለበት።

ጄ300 በሚለካው ነገር የሚታመን፣ ለሞቃት አገር አንባቢ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ሥራ ነው። በቀጣዩ ማሻሻያው የ150 ዲግሪውን ቁጥር ጣሳው ላይ ቢያወጣው ዓባይን ለሚሻገረው ሾፌር እስካሁን ከሠራው ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ይሰጠው ነበር።