ከሴራሚኩ በፊት መጋጠሚያው ይታይ

በአልጀርስ፣ ቃስባ ከሚባለው አሮጌ ከተማ ግርጌ፣ ባሕሩን ተንተርሶ በቆመው የራኢሶች (የባሕር ካፒቴኖች) ቤተ መንግሥት የሚገባ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚያደንቀው የሚያብረቀርቀውን ግድግዳ ነው። "ድንቅ ነው!" ይላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይወጣል። ጠርዙ የተሸራረፈውን፣ ቀለሙ የደከመውን አሮጌ ሴራሚክ ግን ዞር ብሎም አያየው። የጥገና ሙያ የሚማሩ ወጣቶች እንኳ ይህንኑ ሲያደርጉ ማየት ያናድዳል።

ሌላው ሁሉ ማንንም አያስቸግርም። ምሽግም የነበረው ይህ ግቢ በ1576 (እ.ኤ.አ.) በራማዳን ፓሻ ዘመን እንደተጀመረ፣ ሦስት ቤተ መንግሥቶችና ስድስት የዓሣ አጥማጅ ቤቶች እንዳሉት፣ ፈረንሳዮች ከ1830 በኋላ የታችኛውን ቃስባ አብዛኛውን ክፍል እንዳፈረሱት አስጎብኚ ሁሉ ይናገራል። የአልጀርስ ባለጸጎች ሴራሚካቸውን ከደልፍት፣ ከቱኒስ፣ ከጣሊያንና ከስፔን ያስመጡ እንደነበርም እንዲሁ።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሁለት ሴራሚኮች መካከል ያለችው ቀጭን መስመር በምን ተሞላች? በኖራ ከሆነ ሥራው ሥራ ነው። በሲሚንቶ ከሆነ ግን ሴራሚኩ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ተበላሽቷል።

ጠንቁ ባሕሩ ነው። ነፋሱ ጨው ተሸክሞ ይመጣል፤ ከመሬትም እርጥበት በግንቡ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። በጡብና በኖራ የታነጸ ግንብ ይህን እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ያስተነፍሰዋል። ጨውም እዚያው መስመሩ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ በብሩሽ ይጠረጋል። መስመሩ ሲያረጅ ተፍቆ በአዲስ ኖራ ይሞላል። ኖራው የተቀመጠው በሴራሚኩ ፋንታ እንዲበላ ነው። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይደፍናል። ያኔ እርጥበቱ በእጅ በተሠራው ሸክላ ውስጥ ሰርጎ ከሚያብረቀርቀው ልባሱ ጀርባ ይደርቃል፤ ጨው እዚያ እየጠጠረ ልባሱን ከነሥዕሉ ይፈነቅለዋል። ኖራ መቶ ጊዜ ይተካል፤ የተፈነቀለ የደልፍት ሥዕል ግን አይመለስም።

መስመሩ ኖራ ይሁን ሲሚንቶ ለማየት ግድግዳውን ፊት ለፊት መመልከት አይጠቅምም። ከጎን ቆሞ፣ ከግቢው የሚገባው ብርሃን ገጹን ሲታከከው ከወለሉ በላይ ያሉትን የመጀመሪያ ረድፎች ማየት ነው። ጥሩ የኖራ መስመር ድፍን ያለ ነጭ ነው፤ ከሴራሚኩ ጠርዝ ጥቂት ገባ ይላል። ግራጫ ሲሚንቶ ራሱን ያጋልጣል። ነጩ ሲሚንቶ ነው አታላዩ፤ ከሩቅ ኖራ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን ድርቅ ያለና ስል ነው። ቃስባ ውስጥ በአንድ ቤት ደረጃ ሥር እንዲህ ያለ ግድግዳ አለ። ከታች በሁለተኛው ረድፍ በሰማያዊ የተሣለች መርከብ ምሰሶዋ ብቻ ቀርቷል፤ ቀፎዋ በነበረበት ቦታ አውራ ጣት የሚያህል ራቁት ሸክላ ይታያል። ዙሪያዋ ያለው መስመር ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ጎብኚው ያን መስመር "እንዴት ጽዱ ነው!" ይለዋል።

የድሮዎቹ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ጽዳት አይቀበሉም ነበር። ይህ ጸሐፊ የሚያውቃቸው አንድ የቃስባ ግንበኛ፣ ተለማማጆቻቸው "ዐሚ" እያሉ የሚጠሯቸው ሽማግሌ፣ ኖራቸውን በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ለወራት ሳያበስሉ ለሥራ እጃቸውን አያነሡም ነበር። አንድ ወጣት ቶሎ እንዲጠነክር ብሎ ሲሚንቶ ጣል ያደረገበትን ድብልቅ በጣታቸው ዳሰሱና "ልጄ፣ ይህን ለመንገዱ ስጠው" ብለው አስደፉት። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአልጄሪያ የቅርሶች ዋና አርክቴክት የነበረው አንድሬ ራቬሮም በ1989 ስለ ቃስባ ባሳተመው መጽሐፍ ከጌጡ ይልቅ ቦታውንና አሠራሩን ነው ያስቀደመው። አሠራሩ ትርጉም አለውና፣ ከዓምድ አናት በላይ የተጋደሙትን የቱያ ዛፍ ግንዶች አይቶ የሚከላከሉትን የመሬት መንቀጥቀጥ ያላሰበ ሰው ቤቱን አላየውም።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የጎንደሩን ፋሲል ግቢ በ1930ዎቹ ጣሊያኖች በሲሚንቶ ጠጋግነውት፣ ኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደ ጥገና በኖራ መታረም ነበረበት። ስለዚህ አልጀርስ የሚሄድ አንባቢ ከማድነቁ በፊት አስጎብኚውን አንድ ነገር ይጠይቅልን፦ መጋጠሚያው በምን ተሞላ? "በነጭ ሲሚንቶ" ከተባለ አድናቆቱን ለሌላ ግድግዳ ያቆየው።