ያለቀን ጨዋታ እንደገና ስለ መጫወት፤ በ«ፕሬይ» ላይ የቀረበ ትችት

አንድ ጊዜ ያነበቡትን መጽሐፍ ደግሞ ማንበብ በተማረ ሰው ዘንድ የሚያስመሰግን ሥራ ሲሆን፥ አንድ ጊዜ የጨረሱትን የቪዲዮ ጨዋታ እንደገና መጀመር ግን ጊዜን በከንቱ እንደ ማጥፋት ይቆጠራል። በተለይም ጨዋታው አስፈሪ ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ ነቀፌታው ይበረታል። ፍርሃት የሚመጣው ካለማወቅ ነውና፥ ጭራቁ ከየትኛው በር እንደሚወጣ ያወቀ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ቀረው? ይባላል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ አሳብ ትክክል መሆን አለመሆኑን ልንመረምር እንወዳለን። ምርመራችንም ስለ ጨዋታ ሁሉ ሳይሆን፥ ሳይንሳዊ ልብ ወለድንና አስፈሪ ታሪክን አጣምሮ ተጫዋቹን ወደ አንድ የተዘጋ ዓለም ስለሚያስገባው ወገን ብቻ ነው።

ይህ ወገን የራሱ የትውልድ ሐረግ አለው። «ሲስተም ሾክ» በ1994 ወጣ፤ «ሲስተም ሾክ 2» በ1999 ተከተለው፤ በዚሁ ፈለግ የተሠራው «ፕሬይ» ደግሞ የአርኬን ኩባንያ የኦስቲን ቅርንጫፍ በራፋኤል ኮላንቶኒዮ መሪነት አዘጋጅቶት በ2017 ለሕዝብ ቀረበ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእነዚህ ሥራዎች የጋራ ጠባይ፥ አዘጋጆቹ ችግሩን እንጂ መፍትሔውን አንድ አድርገው አለመወሰናቸው ነው። በ«ፕሬይ» ውስጥ የተዘጋን ክፍል ቁልፍ ፈልጎ መክፈት ይቻላል፤ የመዝጊያውን ኮምፒዩተር በብልሃት ማታለልም ይቻላል። ከዚህም ሌላ ጫፉ ስፖንጅ የሆነ፥ ማንንም የማይጎዳ የመጫወቻ ቀስት አለ፤ ይህን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ በወዲያ በኩል ያለውን የኮምፒዩተር መስኮት የነካ ሰው በሩን ከውስጥ ያስከፍታል። እንግዲህ በመጀመሪያው ዙር ተጫዋቹ የሚያየው ከብዙ መንገዶች አንዱን ብቻ ስለ ሆነ፥ ጨዋታውን ጨረስሁት ማለቱ በሙሉ ልብ የሚነገር ቃል አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ተጫዋቾች ለራሳቸው አዲስ ሕግ እያወጡ እንደገና መጫወትን ለመዱ። አንዳንድ ጊዜም አዘጋጆቹ ራሳቸው ሕጉን ያቀርባሉ። በ2008 የወጣው «ዴድ ስፔስ» በመጀመሪያው መሣሪያ ብቻ እስከ መጨረሻ ለደረሰ ሰው የክብር ምልክት ይሰጣል፤ በ2014 የወጣው «ኤልየን፤ አይሶሌሽን» ደግሞ አንድም ሰው ሳይገድል ለጨረሰ ይሸልማል። በ2015 የወጣው «ሶማ» በተቃራኒው መንገድ ሄዶ፥ በ2017 ጭራቆቹ ተጫዋቹን የማይገድሉበትን አጨዋወት ጨመረ። በዚያም ፍርሃቱ ሲቀነስ፥ የሰው አእምሮ ቢገለበጥ ግልባጩ ያው ሰው ነውን? የሚለው የድርሰቱ ዋና ጥያቄ ይበልጥ ጐልቶ ታየ።

ነገር ግን ሕግ ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም። ዓይንን ሸፍኖ ወይም በአንድ እጅ ብቻ መጫወት የተጫዋቹን ጽናት ያሳይ ይሆናል እንጂ ስለ ድርሰቱ አንዳች ነገር አይገልጥም። የአገራችን የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ ሲያብራሩ፥ ሁለተኛው «አንድም» የፊተኛውን አይሽረውም፤ ነገር ግን ከዚያው ከንባቡ መውጣት አለበት። እኛም የምንቀበለው መለኪያ ይኸው ነው። የድጋሚ ጨዋታ ሕግ መልካም የሚሆነው ለድርሰቱ የቀረበ ጥያቄ ሲሆንና ድርሰቱም ሲመልስለት ነው።

ይህን ለማስረዳት «ፕሬይ»ን በሦስት ሕግ እንፈትነዋለን። ታሪኩ የሚፈጸመው በጨረቃ ዙሪያ በሚዞር ታሎስ 1 በተባለ የጠፈር ጣቢያ ነው። ባለታሪኩ ሞርገን ዩ ይባላል፤ ወንድም ሴትም አድርጎ መጫወት ይቻላል። በጣቢያው ውስጥ ታይፎን የተባሉ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረቶች ይጠኑ ነበር፤ ከእነርሱም በተገኘው ነገር በዓይን በኩል የሚወጋ መርፌ ተሠርቶ፥ የተወጋው ሰው የሌላውን ሙያ ወዲያው ይቀበላል። መርፌው የሰጠው ሙያ በተነቀለ ጊዜ ግን፥ ሰውየው ከተወጋበት ቀን ወዲህ ያለውን ትዝታ ሁሉ ያጣል። ሞርገንም በዚህ ምክንያት ያንኑ ጧት ደጋግሞ እንዲኖር ተደርጓል፤ መኖሪያ ቤቱ የመሰለውም ለሙከራ የተሠራ ክፍል ነው። ስለዚህ ድርሰቱ ራሱ ስለ መደጋገም የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የመጀመሪያው ሕግ መርፌውን ጨርሶ አለመወጋት ነው። በፊተኛው ዙር ተጫዋቹ ጉልበት ለማግኘት ስለሚቸኩል ያለ ማመንታት ይወጋል። መርፌውን የተወ ሰው ግን በመጀመሪያው ሰዓት በነበረው አቅም እስከ መጨረሻ ይዘልቃል። ፍጥረቱ በየትኛው መተላለፊያ እንደሚቆም ያውቃል፤ ማወቁ ግን ጉልበት አይሆነውም። በዚህም ከላይ የጠቀስነው አሳብ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑ ይገለጣል። ፍርሃት ካለማወቅ ብቻ ሳይሆን ከአቅም ማነስም ይመጣልና። ከዚህም በላይ ይህ ተጫዋች ትዝታው የሚነጠቅበትን ሙያ አልተቀበለምና፥ የተወው መርፌ የታሪኩን ትርጉም ይለውጥበታል።

ሁለተኛው ሕግ ከሰው ሙያ ምንም ሳይወስዱ የታይፎንን ኃይል ብቻ መቀበል ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው የቡና ኩባያ መስሎ በጠባብ ቀዳዳ መንከባለል ይችላል፤ ይህም በመጀመሪያ እጅግ ያስቃል። ነገር ግን የታይፎን ኃይል እየበዛ ሲሄድ፥ ቀድሞ ይጠብቁት የነበሩት በራሳቸው የሚተኩሱ መሣሪያዎች እንደ ጠላት አይተው ይተኩሱበታል። ቤቱ የነበረው ጣቢያ ባዕድ ይሆንበታል። በፊተኛው ዙር «ጭራቁ የት አለ?» እያለ ይጠይቅ የነበረው ሰው፥ አሁን የሚፈለገው ጭራቅ ራሱ መሆኑን ይረዳል።

ሦስተኛው ሕግ ሰውን የሚመለከት ነው፤ ይኸውም አንድም ሰው አለመግደል፥ ወይም በተቃራኒው በሕይወት ያሉትን ሁሉ መግደል። በታሎስ 1 ያሉት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ በጥበቃ ክፍሎች ባሉት ኮምፒዩተሮችም ስማቸው ተመርጦ ያሉበት ስፍራ ይታያል። ያው መዝገብ ለአንዱ ተጫዋች የጠፉትን መፈለጊያ ሲሆን ለሌላው የአደን ዝርዝር ይሆናል። አዘጋጆቹ አንድ ፊደል እንኳ ሳይለውጡ፥ ያንኑ ገጽ አንዱ በርኅራኄ ሌላው በጭካኔ እንዲያነበው ማድረጋቸውን እናደንቃለን።

አሁን መጨረሻውን መግለጥ ግድ ሆነብን። ተጫዋቹ የኖረው ሁሉ የሞርገን ትዝታ ሲሆን፥ እውነተኛው ማንነቱ ተይዞ የሚመረመር ታይፎን ነው፤ ምርመራውም ይህ ፍጥረት ርኅራኄን ይማር እንደ ሆነ ለማየት ነበር። በመጨረሻ ዳኞች ተቀምጠው የሠራውን ይቈጥራሉ። የምንነቅፈውም እዚህ ላይ ነው። ዳኞቹ የሚመዝኑት ሥራን እንጂ ልብን ስላልሆነ፥ አዝኖ ያዳነና የምስጋናውን ቃል ለመስማት ሲል ያዳነ በፊታቸው እኩል ናቸው። በፊተኛው ዙር ይህ ጉድለት አይታይም፤ ተጫዋቹ መታየቱን አያውቅምና። በሁለተኛው ዙር ግን እያንዳንዱ ደግነት ተመልካች ባለበት የሚደረግ ደግነት ይሆናል። ጥያቄው ታላቅ ሆኖ ሳለ መልሱ የሒሳብ መዝገብ መምሰሉ ያሳዝናል። ሌላም ጉድለት አለ። ወደ ታሪኩ ፍጻሜ ግድም የታጠቁ በራሪ መኪናዎች ጣቢያውን ሲሞሉ፥ ተጫዋቹ የቱንም ሕግ ቢይዝ የሚገጥመው ያው አሰልቺ ውጊያ ነው፤ በዚያ ክፍል ጨዋታው መመለሱን ትቶ ይጮኻል።

ጣቢያውን በሩጫ አቋርጠው፥ ሙጫ በሚተፋው መሣሪያ ግድግዳ እየወጡ፥ ታሪኩን ከአንድ ሰዓት እጅግ ባነሰ ጊዜ የሚፈጽሙም አሉ። ይህን ከንቱ ነው ብለን አንጥለውም፤ የሕንፃውን አሠራር ከማንም ይልቅ ያውቃሉና። ይሁን እንጂ የሚያውቁት ግድግዳውን እንጂ በውስጡ የሞቱትን ሰዎች ስላልሆነ፥ ምርመራቸው ግማሽ ነው እንላለን። አዘጋጆቹ ራሳቸው በ2018 ባወጡት «ሙንክራሽ» የተሻለ ምሳሌ ሰጥተዋል። በዚያ አምስት ሰዎች በጨረቃ ላይ ካለ ጣቢያ ለማምለጥ ይሞክራሉ፤ አንዱ የተጠቀመበት መውጫ ለሚቀጥለው አይገኝም። ስለዚህ መደጋገሙ ለራስ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ለሚመጣው ማሰብን ያስተምራል፤ ከላይ ያልነው የዳኞች መዝገብ ያልቻለውንም ይህ ችሏል።

ጨዋታውን የሠራውን የኦስቲን ቅርንጫፍ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት በ2024 ዘግቶታል። ከዚያ ቤት ሌላ ሥራ ስለማይጠበቅ፥ «ፕሬይ» ከእንግዲህ የሚኖረው ደግመው በሚጫወቱት ሰዎች ዘንድ ነው። እንግዲህ ከጓደኞቻችን መካከል ይህን ዓይነት ጨዋታ የሚወዱ ቢኖሩ፥ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ነገር በማስታወሻቸው እንዲጽፉ እናሳስባለን፤ ያወጡትን ሕግ፥ በሕጉ የጠየቁትን ጥያቄ፥ ከጨረሱም በኋላ ጨዋታው የመለሰውን። ሦስተኛው መስመር ባዶ ሆኖ ከቀረ፥ ጥፋቱ የሕጉ ነው ወይስ የድርሰቱ? ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ትችት የሚጀምረውም ከዚያ ነው።