«በሕግ አምላክ» እና «ኦሮማይ»

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት የቦረና ደጋማ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላውም የአማራ ገጠር ሁሉ፣ በጠበኞች መካከል የገባ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል የተነሣው ዱላ እንዲገታ ልማድ ያዛል። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ የሕግ ፍልስፍና አለ፤ ሕግ ከባለ ጉልበቱ በላይ ነው፤ ደካማውም ይጠራዋል።

ይህ ቃል መንግሥትንም ያስቆማልን? የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ዕጣ የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ልብ ወለዱ የ1974 ዓ.ም.ን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በጋዜጠኛው በፀጋዬ ኃይለ ማርያም አንደበት ይተርካል። የስለላው ሽኩቻ አልፎ አልፎ የገጸ ባሕርያቱን ውስጣዊ ሕይወት ይጋርዳል፤ ይህ ድክመቱ ነው። ብርታቱ ግን ዘመቻው በቁጥር የሚያውቀውን ሰው በስሙ፣ በፍርሃቱና በናፍቆቱ ማቅረቡ ነው።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በመንግሥታዊው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀረ። ክስ አልተመሠረተበትም፤ ችሎትም አልቆመም።

በ1980 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የጽሑፍ ነጻነትን ደንግጓል። ይኸው ሰነድ ፓርቲውን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል አድርጎ አስቀመጠ። መብትን የሚሰጠውም፣ የሚተረጉመውም፣ የሚነሣውም አንድ እጅ ሲሆን፣ ተበዳይ «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚጮኽበት ሦስተኛ ወገን አይኖርም። ደርግ እስከ ወደቀበት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ስለ በዓሉ መጥፋት በፍርድ ቤት የተጠየቀ ባለሥልጣን አልነበረም። «ኦሮማይ»ን የሚያስተምር መምህር ይህንን ጥያቄ ከታሪኩ ጋር አብሮ ለተማሪዎቹ ቢያቀርብ፣ ልብ ወለዱ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል።